የወገብ ሕመምና የአዲስ አበባው መንገድ

በወለጋ፣ በጉቴም ሆነ በጊምቢ፣ ወገቡን ለዓመታት ያመመውን ሰው ዘመድ አዝማድ በመጨረሻ የሚመክረው አዲስ አበባ ሄዶ ኤምአርአይ እንዲነሣ፣ ካስፈለገም ኦፕሬሽን እንዲደረግ ነው። ከነቀምቴ እስከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሬ ሸጦ የመጣ ገበሬ «ቀዶ ሕክምና አያስፈልግህም» ሲባል የተባረረ ቢመስለው አይፈረድበትም። ለአብዛኛው ታማሚ ግን ትክክለኛው መልስ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወገብ ሕመም 90 በመቶ ያህሉ ይህ ነው የሚባል በሽታ ወይም ጉዳት አይገኝለትም። ምስሉም ብቻውን ያሳስታል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጥናቶች ቅኝት፣ ምንም ከማያማቸው የ50 ዓመት ሰዎች 60 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ወጣ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። «ዲስክ ተንሸራቷል» የሚል ወረቀት ሐኪሙ ከዳሰሰውና ታማሚው ከሚናገረው ጋር ካልገጠመ ለቢላዋ ምክንያት አይሆንም።

«እገሌ ኦፕሬሽን ተደርጎ ድኖ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዲስክ ነርቭ ተጭኖ ሕመሙ እግር ድረስ ሲወርድ ቀዶ ሕክምና ቶሎ ያሳርፋል። በኔዘርላንድ በ283 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል። ዓመት ሲሞላ ግን ቶሎ ኦፕሬሽን ከተደረጉትም፣ እንዲጠብቁ ከተደረጉትም 95 በመቶ ያህሉ አገግመው ነበር። ከጠበቁት 39 በመቶው ኋላ ላይ ኦፕሬሽን ቢደረጉም፣ የሚበዙትን ቢላዋ አልነካቸውም። ቢላዋው ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፦ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ የነርቩ ሽፋን ሊቀደድ፣ ነርቭ ሊጎዳ፣ ዲስኩ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው ኦፕሬሽን በጠባሳ ውስጥ ስለሚሠራ ይከብዳል። ለወለጋ ሰው በዚህ ላይ ርቀት ይጨመራል፤ ቁስሉ ቤት ከገባ በኋላ ቢያመረቅዝ ሐኪሙ ያለው አዲስ አበባ ነው።

ይህ ሲባል ሁሉም ይታገሥ ማለት አይደለም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ መቀመጫው የደነዘዘ፣ እግሩ እየሰነፈ የሚሄድ ሰው ለቀጠሮ ሳይሆን ለድንገተኛ ክፍል ነው። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ወጌሻ ማሸት የለበትም፤ ቶሎ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ይድናል።

ለሌላው ታማሚ ከቢላዋ በፊት የሚመከረው እንቅስቃሴ ነው። ጆንያ ተሸክሞ ለሚያድር ሰው «እንቅስቃሴ ሥራ» ማለት ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። ልፋት ግን ሕክምና አይደለም፤ የታማሚውን ጡንቻ ለይቶ የሚያጠነክር፣ ሸክም አነሣሡን የሚያርም ባለሙያ ያስፈልጋል። የነቀምቴ ሆስፒታሎችና የጤና ቢሮው ለፊዚዮቴራፒ በጀትና ባለሙያ ይመድቡ፤ ታማሚውም በሬውን ከመሸጡ በፊት መጀመሪያ እዚያው ይታይ።