ስለ ኢንተርኔት ስምና ስለ ባለቤቱ

ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤ መንገድ ለሚጓዝ፣ ወይም ከቀበና በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ሰው፣ በየንግድ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀሉት ሰሌዳዎች አንድ ለውጥ ያሳዩታል። ቀድሞ ከነጋዴው ስም በታች ይጻፍ የነበረው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር፤ ዛሬ በዚያው ቦታ በነጥብ ኮም ወይም በነጥብ ኢቲ የሚያልቅ የኢንተርኔት ስም ይነበባል። ለውጡ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የፖስታ ሣጥኑ ቁልፍ በነጋዴው ኪስ ይገኝ ነበር። የዚህ የአዲሱ ስም ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ባለ ሰሌዳው ቢጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የሠራልን ልጅ ያውቀዋል» የሚል ነው።

ይህን ጉዳይ በዚህ ገጽ ላይ ለማንሣት ያስገደደን፣ ከተማችን ራሷ ለእንግዳ አድራሻዋን በቀላሉ የማትገልጽ በመሆኗ ነው። የየካ ሰው ሱቁን ሲያመለክት «ከሾላ ገበያ አለፍ ብሎ» ቢል የአገሩ ሰው ይረዳዋል። የጀርመን ቡና ገዢ ግን አይረዳውም፤ እንደዚሁም የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በተራራው ላይ አንድ ሌሊት ለማደር ከውጭ አገር ሆኖ ክፍል የሚይዘው እንግዳ አይረዳውም። ለነዚህ ሰዎች የንግድ ቤቱ በር የኢንተርኔት ስሙ ነው። ስሙ በጠፋ ቀን ድረ ገጹ ብቻ ሳይሆን በዚያ ስም የሚላላኩበት ኢሜይልም አብሮ ይቆማል።

ባለሙያዎች ዶሜይን የሚሉት ይህ ስም አይሸጥም፤ በዓመት ይከራያል እንጂ። የነጥብ ኮምን ዋና መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ከሕዝብ ጋር የሚዋዋሉት ግን በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ መዝጋቢ ድርጅቶች ናቸው። ደንቡን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው አይካን ነው። በዚህም ደንብ መሠረት ነጋዴው በአንዱ መዝጋቢ ካልተደሰተ ስሙን ወደ ሌላው የማዛወር መብት አለው። የሚያስፈልገው የምሥጢር ኮዱን ከቀድሞው መዝጋቢ ተቀብሎ ለአዲሱ መስጠት ነው። የቀድሞው መዝጋቢ በ5 ቀናት ውስጥ ካልተቃወመ ዝውውሩ ይፈጸማል፤ በስሙም ዘመን ላይ አንድ ዓመት ይጨመርለታል።

ችግሩ የሚመጣው ብዙዎቻችን ማዛወርን የምናስበው ቀኑ ካለፈ በኋላ በመሆኑ ነው።

ቀኑ ሲያልፍ የነጋዴው መብት በአንድ ጊዜ ባይጠፋም እየጠበበ ይሄዳል። መዝጋቢው የነጥብ ኮምን ስም እስከ 45 ቀን ድረስ ሊያቆየው ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀኑ ስላለፈ ብቻ ዝውውርን መከልከል ባይፈቀድለትም፣ በብዙ መዝጋቢዎች ውል ውስጥ ያለፈበትን ስም በጨረታ ለሌላ ለመስጠት የሚያስችል ቃል ተጽፎ ይገኛል፤ ውሉን አንብቦ የሚፈርም ነጋዴም ጥቂት ነው። ስሙ ከተሰረዘ በኋላ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ይከተላል። ያን ጊዜ ማዛወር ፈጽሞ አይቻልም፤ አስቀድሞ ከዕድሳቱ ዋጋ የበለጠ ገንዘብ ለቀድሞው መዝጋቢ ከፍሎ ማስመለስ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት 5 ቀናት ማንም ምንም የማያደርግባቸው ናቸው፤ በመጨረሻም ስሙ ለቀደመ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ደግሞም ቀኑ ካለፈ በኋላ ለቀድሞው መዝጋቢ ከፍሎ ወዲያው በ45 ቀኑ ውስጥ የሚያዛውር ሰው የከፈለው ዓመት ሳይታሰብለት ሊቀር ስለሚችል፣ መቸኮልም መዘግየትም ሁለቱም ያስከፍላሉ።

ይህ የድሃ ነጋዴ ጣጣ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ ታላቁ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 በፈረንጆች ገና ዋዜማ ያጋጠመውን ያስታውስ። ፓስፖርት ነጥብ ኮም የተባለውን ስሙን ሳያድስ በመቅረቱ የሆትሜይል ደንበኞች መልእክታቸውን ማንበብ ተስኗቸው ነበር። ዕዳውን 35 ዶላር የከፈለለት ሠራተኛው እንኳ ያልሆነ አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ለእኛ ነጋዴ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ይገኝለታል ብለን አንጠብቅም።

በእኛ ዘንድ ደግሞ የተለዩ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ገንዘብ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሚፈጸም፣ ካርድ የሌለው ነጋዴ በአማላጅ በኩል ያስከፍላል፤ አማላጁም ስሙን በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ በኋላ፣ ነጋዴው በገዛ ካርዱ መክፈል ይችል እንደ ሆነ ባንኩን ደግሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። የንግድ ፈቃዳችንን ከሐምሌ 1 ጀምሮ ማደስን ለምደናል፤ የኢንተርኔት ስም ግን በተመዘገበበት በፈረንጅ ቀን ያልቃል፤ ሰዓቱም የሚቆጠረው በግሪንዊች ነው፤ የዚያ አገር እኩለ ሌሊት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። መዝጋቢው ቀኑ ከማለፉ አንድ ወርና አንድ ሳምንት ያህል አስቀድሞ፣ ካለፈም በኋላ በ5 ቀናት ውስጥ ማስታወቂያ የመላክ ግዴታ አለበት። ማስታወቂያው የሚደርሰው ግን በመዝገቡ ላይ ላለው ኢሜይል ነው። ያ ኢሜይል ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ከሆነ ማንም አያነበውም፤ በዚያው ባለፈበት ስም የተከፈተ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ማስታወቂያ ከነጭራሹ አይደርስም።

ሠሪዎቹን ሁሉ በክፉ አንጠረጥርም። ብዙዎቹ በራሳቸው ስም ያስመዘገቡት ነጋዴው «አንተው ጨርሰው» ስላላቸው ነው። ሆኖም ጠብ በተነሣ ጊዜ መዝጋቢው የሚያውቀው በመዝገብ የተጻፈውን ሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክቱን ለ7 ዓመት ያስመዘገበ ነጋዴ፣ ስሙን በክፉ ልብ የወሰደበትን ሰው ጄኔቭ በሚገኘው የዓለም የአእምሮአዊ ንብረት ድርጅት ፊት ሊከስ ይችላል። ነገር ግን በአንድ ዳኛ ለሚታይ ክስ 1,500 ዶላር ማስያዝ አለበት፤ የክፉ ልቡም ማስረጃ የእርሱ ሸክም ነው።

በነጥብ ኢቲ የሚያልቁት ስሞች በዚህ ደንብ አይገዙም። አስተዳዳሪያቸው ኢትዮ ቴሌኮም ስለ ሆነ፣ የዕድሳቱንና የባለቤትነቱን ሁኔታ እዚያው ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይገባል።

የምንለው እንግዲህ ይህ ነው፦ ማዛወር የሚፈልግ ቀኑ ሳይደርስ ሁለት ወር አስቀድሞ ያዛውር፤ ከዚያም በፊት መዝገቡን በራሱ ድርጅት ስም፣ ኢሜይሉንም በሌላ አድራሻ ያድርግ። ምክር ቤታችንም አባላት ዓመታዊ መዋጮ በሚከፍሉበት ቅጽ ላይ የኢንተርኔት ስማቸውን ማለቂያ ቀን የሚጠይቅ አንድ መስመር ቢጨምር፣ ቀኑንም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሶ በአማርኛ ቢያስታውሳቸው፣ ወጪው አንድ ጸሐፊና አንድ መዝገብ ብቻ ነው።