«አውሬ» የምንለው ማንን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቤተ ክርስቲያን ልጆች፥ ሰሞኑን በፋሲሎ ቡና ስንጠጣ አንድ ወንድማችን ስለ ሌላ ሕዝብ ሲናገር «እነዚያ እኮ አውሬዎች ናቸው» አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም ዲያቆኑ ዝም አልሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ያ ዝምታ ስለ ወቀሰኝ ነው።

«አውሬ» በግእዝ «አርዌ» ነው፤ ሲበዛ «አራዊት» ይባላል። እግዚአብሔር አራዊትን ፈጥሮ መልካም እንደ ሆኑ አይቷል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አናብስትና ከ60 አናምርት ጋር ኖረዋል። ኅዳር 8 የምናከብራቸው፥ መንበሩን የሚሸከሙትም «አርባዕቱ እንስሳ» ይባላሉ። አንበሳ ሲርበው ያድናል፥ ሲጠግብ ይተኛል፤ ቂም አይቋጥርም፥ ጎረቤቱን በዘሩ መርጦ አይገድልም። ይህን የሚያደርገው ሰው ነው። እርሱን «አውሬ» ማለት ከተጠያቂነት ማስመለጥ ነው፤ አውሬ አይከሰስም፥ ንስሐም አይገባምና።

ከዚህ የከፋው ግን ቃሉ ሕዝብን ሲጠራበት ነው። በሩዋንዳ ቱትሲዎች አስቀድመው «በረሮ» ተባሉ፤ በ1986 ዓ.ም. ተጨፈጨፉ። በሀገራችንም በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው ስድብ በአደባባይ ሲነገር ብዙዎቻችን አጨበጨብን። ጅብ የተባለ ሰው ሲሞት ግን የሚያለቅስለት አይገኝም።

«መጽሐፍስ ኃጢአተኛን በእንስሳ ይመስል የለምን?» ትሉ ይሆናል። አዎን፥ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ሰውነቱ ሊመልሰው ነው። እንደ በሬ ሣር የበላው ናቡከደነፆር እንኳ ዓይኑን ወደ ሰማይ ባነሣ ጊዜ ልቡናው ተመልሶለታል።

ሐይቁን ተሻግራችሁ ወደ ዘጌ ስትሄዱ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የተሣለውን በላዔ ሰብእን ተመልከቱ። 78 ነፍስ የበላውን ሰው ቤተ ክርስቲያን «አርዌ» አላለችውም። ስሙ ኃጢአቱን ይናገራል፤ ሰውነቱን ግን አይነጥቀውም። በእመቤታችን ስም ለተጠማው የሰጠው ጥርኝ ውኃም ለምሕረት ሆነለት። «አውሬ ነው» ብለን ብንዘጋበት ኖሮ ያን ውኃ ከእጁ ማን ይጠብቅ ነበር?

ስለዚህ ገዳይን ገዳይ እንበለው፥ ፍርድም እንጠይቅበት። ሕዝብን ግን በአውሬ ስም አንጥራ፤ ሲጠራም ሰምተን ዝም አንበል። ከእንግዲህ እኔ ዝም አልልም፤ እናንተስ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።