በጥቁር ወረቀት ላይ የተሣለ የቂም ታሪክ

ብዙ ወላጆች በሥዕል የተሠራ ፊልም ሁሉ ለሕፃናት የተሠራ ይመስላቸዋል። ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ፥ ዜማው ሲሰማ፥ ልጆቹም ጸጥ ብለው ሲመለከቱ በቤቱ ሰላም የወረደ ስለሚመስል እናት ወደ ማድ ቤቷ፥ አባትም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ነገር ግን ተረት በአያት አፍ ቢነገርም በመስኮተ ብርሃን ቢታይም ለሰሚው የሚያስተምረው ነገር አለው፤ የሚያስተምርበትም መንገድ የታወቀ ሥርዐት አለው። ሥርዐቱን የሚያውቅ ሰው ተረቱን ይመረምረዋል፤ የማያውቅ ግን ተረቱ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ወር አንድ የታወቀ ፊልም መርጠን፥ ታሪኩ በምን መሠረት ላይ እንደ ታነጸ ከውድ አንባብያን ጋር እንመለከታለን።

ፊልሙ «ባትማን፥ ማስክ ኦቭ ዘ ፋንታዝም» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ባትማንና የምትሐቱ ጭምብል» እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ ዋርነር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ ለሕዝብ ያሳየው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን 1993፥ ይኸውም በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። አዘጋጆቹ ኤሪክ ራዶምስኪና ብሩስ ቲም ናቸው። መጀመሪያ በቪዲዮ ካሴት ብቻ እንዲሸጥ ታስቦ ነበር፤ በኋላ ኩባንያው ሐሳቡን ለውጦ በሲኒማ ቤት ቢያሳየውም በጊዜው ያገኘው ተመልካች ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን ስለ ባትማን ከተሠሩት ፊልሞች መካከል ከምርጦቹ የሚቈጥሩት ብዙዎች ናቸው። ባትማን ማለት «የሌሊት ወፍ ሰው» ሲሆን፥ ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር በ1939 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአንድ የአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጡት ባለ ታሪክ ነው።

የዚህ ዓይነት ተረት የመጀመሪያው ሥርዐት ጨለማ ነው። ፊልሙ የተወለደው በዚያው አቆጣጠር በ1992 ከተጀመረ የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ ነው፤ የዚያም ሥራ ሠዓልያን የከተማውን ሕንጻና ጎዳና የሚሥሉት በነጭ ወረቀት ሳይሆን በጥቁር ወረቀት ላይ ነበር። በነጭ ወረቀት ላይ የሚሥል ሰው ጥላውን ይጨምራል፤ በጥቁር ወረቀት ላይ የሚሥል ግን ብርሃኑን ይጨምራል፤ የመስኮቱን ጭላንጭል፥ የግንቡን ጠርዝ፥ የመብራቱን ፍንጣቂ። ከዚህም የተነሣ ጎታም የተባለችው ከተማ ብርሃን እንግዳ የሆነባት አገር ትመስላለች፤ ተመልካቹም ገና አንድ ቃል ሳይሰማ በዚህ ስፍራ ደስታ በቀላሉ እንደማይገኝ ይረዳል። ዜማውም እንደዚሁ ነው። ሸርሊ ዎከር የደረሰችው የመክፈቻ ዜማ በብዙ ሰዎች ድምፅ የሚዘመር የላቲን ጸሎት ይመስላል፤ ቃሉ ግን የኩባንያው ሰዎች ስም ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ የተነበበ ነው። የጸሎት መልክ አለው፥ ጸሎት ግን የለበትም።

ሁለተኛው ሥርዐት የወላጅ አልባው መሐላ ነው። ብሩስ ዌይን የተባለው የባለጸጋ ልጅ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹን ወንበዴ በፊቱ ገደለበት፤ እርሱም ዕድሜውን ሁሉ ከወንጀለኞች ጋር ሲዋጋ ሊኖር ማለ። ይህን የመሰለ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ከቤተ ሰቡ ሰው ከሞተ በኋላ የተወለደ ልጅ ካሳ ወይም ደምመላሽ ይባል ነበር፤ ዛሬም በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ እነዚህ ስሞች ይገኛሉ። ለደምመላሽ ስሙን ያወጡለት ሌሎች ናቸው፤ ብሩስ ዌይን ግን የሙታንን ዕዳ በራሱ ላይ የጻፈው በገዛ እጁ ነው።

የፊልሙ ብልኀት መሐላውን ማመስገኑ ሳይሆን መፈተኑ ነው። ብሩስ ገና ጭምብል ሳያጠልቅ፥ ወላጆቹ በተቀበሩበት ስፍራ አንድሪያ ቦሞንት የምትባል ወጣት አገኘ፤ እርስዋም በእናትዋ መቃብር አጠገብ ቆማ ከሟችዋ ጋር ትነጋገር ነበር። ሁለቱ ተዋደዱ። ከዚህ በኋላ በፊልሙ ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነው ትርኢት ይመጣል። በዝናብ ሌሊት ብሩስ ወደ ወላጆቹ መቃብር ሄዶ ከመሐላው እንዲፈቱት ይለምናል፤ ደስታ ያገኘኛል ብሎ ከቶ አስቦ እንዳልነበረ፥ ከተማውንም በሌላ መንገድ፥ በገንዘቡ ሊረዳ እንደሚችል ይነግራቸዋል። መቃብሩ ግን አይመልስም። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ላይ ጥቂት ቆይ፤ እነዚያ ሙታን መሐላውን ከልጃቸው ጠይቀው አያውቁም። ያልጠየቀ ሰው እንዴት አድርጎ ይፈታል? በኀዘን የተማለ መሐላ ጭንቁ ይህ ነው፤ የሚያስር አለ፥ የሚፈታ የለም።

ብሩስ አንድሪያን ለጋብቻ ጠየቃት፤ እርስዋም እሺ አለች። ነገር ግን አባትዋ ካርል ቦሞንት የወንበዴዎችን ገንዘብ አጉድሎ ስለ ነበር፥ ቀለበቱን ከደብዳቤ ጋር መልሳ ከአባትዋ ጋር በድንገት ከአገር ወጣች። የተስፋው በር ሲዘጋበት ብሩስ ጭምብሉን አጠለቀ። በሌሎች ታሪኮች ጀግናው ለመጀመሪያ ጊዜ ልብሱን ሲለብስ ተመልካቹ ደስ ይለዋል፤ እዚህ ግን ያሳደገው አገልጋይ አልፍሬድ ባየው ጊዜ ደንግጦ ፈጣሪውን ይጠራል። ትርኢቱ ከዘውድ መጫን ይልቅ ለቀብር የቀረበ ነው።

ሦስተኛው ሥርዐት የኋላውን እያነሡ የፊቱን መተረክ ነው። ይህ ሁሉ የፍቅር ታሪክ የሚነገረው በአንድ ጊዜ ሳይሆን፥ ከዓመታት በኋላ በሚሆነው የግድያ ታሪክ መካከል እየገባ ነው። ለዚህም ደራሲዎቹ አንድ ስፍራ በብልኀት ተጠቅመዋል፤ ይኸውም የወደፊቱን ዓለም የሚያሳይ ታላቅ ኤግዚቢሽን ነው። ሁለቱ ወጣቶች በፍቅራቸው ዘመን ሲጐበኙት አዲስና የሚያበራ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን ፈርሶ የወንበዴ መደበቂያ ሆኖ ይታያል። ያ ወደፊት ብለው ያዩት ዓለም ሳይደርሱበት አረጀ። ይህን የሚያስረዳ አንድም ንግግር የለም፤ ፍርስራሹ ብቻውን ይናገራል።

አራተኛው ሥርዐት መስተዋት ነው። በዛሬው ታሪክ ሞትን የመሰለ ጭምብል ያጠለቀ፥ በጢስ ውስጥ መጥቶ በጢስ ውስጥ የሚጠፋ ገዳይ፥ የከተማውን አሮጌ ወንበዴዎች ተራ በተራ ያሳድዳል። ሰዎች ጥላውን አይተው ገዳዩ ባትማን ነው አሉ፤ ፖሊስም ያሳድደው ጀመር። ደራሲዎቹ ተመልካቹንም ያታልላሉ፤ የገዳዩንና የአንድሪያን አባት ድምፅ ያሰማው አንድ ተዋናይ፥ ስቴሲ ኪች ስለሆነ፥ ሰው ሁሉ ወደ አባትየው ይጠረጥራል። ጭምብሉ ሲገለጥ ግን አንድሪያ ሆና ተገኘች፤ አባትዋን ያስገደሉባትን ሰዎች ስትበቀል ኖራለች። እንግዲህ ሁለት ወላጅ አልባዎች፥ ሁለት መቃብሮች፥ ሁለት ጭምብሎች በአንድ ታሪክ ተገናኙ። አንዱ ነፍስ ላለመግደል ራሱን ገታ፤ ሁለተኛዋ አልገታችም። ፖሊሶቹ ሁለቱን አንድ ሰው ማድረጋቸው ስሕተት ነበር፤ ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ሳያውቁት አሳዩ።

የሚሥቀው ክፉ ሰው ጆከርም በዚህ ታሪክ የራሱ ቦታ አለው። የአንድሪያን አባት የገደለው እርሱ ነው፤ ያን ጊዜ ገና መልኩ ሳይለወጥ የወንበዴዎቹ ቅጥረኛ ነበር። ባትማን ይህን የተረዳው በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ባለ አንድ ፊት ላይ ሣቅ በመሣል ነው። ብሩስና አንድሪያ ሙታናቸውን ከሚገባው በላይ ሲያስታውሱ፥ ጆከር ግን ይሥቃል። በመጨረሻም በዚያ በፈረሰው ኤግዚቢሽን ውስጥ አንድሪያ ጆከርን ይዛ በእሳቱ መካከል ትሰወራለች።

ሠርግ የለም፤ ጭብጨባም የለም። አልፍሬድ በቀል የሰውን ነፍስ እንደሚያጠቁር፥ ብሩስም ወደዚያ ገደል እንዳይወድቅ ሁልጊዜ ይፈራ እንደ ነበር ይነግረዋል። አንድሪያ በመርከብ ላይ ብቻዋን ትታያለች፤ ብሩስም ትታለት የሄደችውን የአንገት ጌጥ ያገኛል፤ ከዚያም የጥሪው መብራት በሰማይ ሲታይ ወደ ሌሊቱ ይመለሳል። ፊልሙ በቀል ሙታንን እንደማይመልስ የሚያስተምረው በስብከት ሳይሆን በዚህ ባዶነት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ የተረት ሥርዐት የማያሳየው ነገር እንዳለ ወላጆች ማስተዋል ይገባቸዋል። በጎታም ደም የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም፤ ወንጀለኛው ቀርቦ የሚዳኝበት ችሎት በታሪኩ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የተገደሉትም ሰዎች ለንስሐ አንዲት ቀን አላገኙም። ተረቱ ምርጫውን ሁለት ብቻ ያደርገዋል፤ አንዱ መግደል ነው፥ ሁለተኛውም ሳይገድሉ ዕድሜ ልክ መዋጋት። ሦስተኛውን መንገድ፥ ይኸውም ቂምን ማውረድን፥ ከባለ ታሪኮቹ አንዱም አይሞክረውም። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ለዚህ ነው። ብሩስ በመቃብሩ ፊት መለመኑ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሸክሙን እንዲያወርድለት የጠየቀው ሙታንን ነው እንጂ፥ እርሱ ራሱ አላወረደውም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ፊልሙ በአሜሪካ በወላጅ ምክር እንዲታይ ምልክት የተደረገበት ነው፤ ግድያም አለበት፤ እንግዲህ ለሕፃናት አይሆንም። ለአቅመ ማስተዋል የደረሰ ልጅ ግን ከወላጁ ጋር ተቀምጦ ቢያየው ይጠቀማል። ካለቀ በኋላ ሦስት ነገር ጠይቁት። ብሩስን በመሐላው ያሰረው ማን ነው? አንድሪያ ጠላቶቿ ከሞቱ በኋላ ምን አገኘች? አንተ በዚያ ከተማ ሽማግሌ ብትሆን ኖሮ ለሁለቱ ምን ትላቸው ነበር? መልሱን አትንገሩት፤ በገዛ ቃሉ እስኪመልስ ታገሡ። በተለይ የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ በጥንቃቄ ስሙ፤ ልጁ በመጫወቻ ሜዳ የመታውን ጓደኛውን ምን ሊያደርገው እንዳሰበ የሚታወቀው ከዚያ ነውና።