ወረንጦዋን ለእሾህ መልሷት

ከእኔ ጋር ያረጃችሁ የሞላሌ ሰዎች ሆይ፣ ዛሬ ስለ ርስትም ስለ ዕርቅም አልተነሣሁም። የተነሣሁት ስለ ዓይናችሁ ነው።

በየቤታችን ከማተብ ጋር የታሰረች ወይም በመቀነት ጫፍ የተቋጠረች ወረንጦ አለች። የተሠራችው እሾህ ልታወጣ ነው፤ እኛ ግን ሽፋሽፍታችንን እንነቅልባታለን። ጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ልጅ እንጠራና «ና እስኪ፣ ይህችን አውጣልኝ» እንላለን። እኔም ብዙ ዓመት ብያለሁ። እርጅና ነው፣ የኩበት ጭስ ነው፣ የመንዝ ብርድ ነው እያልሁ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ።

እርጅና አይደለም፤ ትራኮማ ነው። በልጅነታችን ዓይናችን ደጋግሞ ሲታመም የሽፋኑ ውስጥ ቆስሎ ጠባሳ ሠራ። ጠባሳው ዓመት በዓመት እየተኮማተረ ሽፋኑን ወደ ውስጥ ቀለበሰው። ዓይናችን በተርገበገበ ቁጥር ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቀዋል። የነቀልነው ፀጉር አጥሮና ሻክሮ ይበቅላል፤ ብሌኑ ይቆስላል፣ በቁስሉም ሌላ ተሐዋስ ይገባል፣ በመጨረሻ ነጭ ይለብሳል። ሞራ ቢሆን በቀዶ ሕክምና ይገፈፍ ነበር። በዚህ መንገድ የጠፋ ብርሃን ግን እንዲያ በቀላሉ አይመለስም።

ስለ ልጅ ልጆቻችንም ስሙኝ። በ1998 ዓ.ም. በአገሪቱ በተካሄደው የዓይን ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ 100 ሕፃናት 62ቱ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። በሽታውን ከሚያዛምቱት አንዱ እኛው ነን። የአንዱን ልጅ ዓይናር በጋቢያችን ጫፍ ጠርገን፣ በዚያው ጫፍ የሌላውን እንጠርጋለን። ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር የተፈለፈለውም ዝንብ ካንዱ ዓይን ወደ ሌላው ያደርሰዋል። ብርዱን አውቀዋለሁ፤ ሕፃናቱን በአንድ ባና አታስተኙ አልልም። ፊታቸው ሳይታጠብ ግን አይተኙ። ውኃው ሩቅ ቢሆንም አንድ ጣሳ ለብዙ ፊት ይበቃል።

«ዓይኔን ምላጭ አላስነካም» የምትሉ አላችሁ። የሚሠራው ሽፋኑ እንጂ ብሌኑ አይደለም። ሽፋኑ በመርፌ ይደነዝዛል፣ የሠለጠነ ባለሙያ በጤና ጣቢያ ያስተካክለዋል፣ በዚያው ቀን ቤታችሁ ትገባላችሁ። ፀጉሩ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ከተመለሰ እናንተም ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። የትራኮማ መድኃኒት ለመንደሩ ሲታደል ማንም አይቅር፤ በቀረው ሰው ዓይን በሽታው ይከርማል። ጠበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ ፎጣ ግን አትጋሩ።

የማይቻል ነገር አይደለም የምለምናችሁ። ጋና በ2018 እ.ኤ.አ. ትራኮማን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ማስወገዷን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል።

የታወረ ሽማግሌ በትሩን ይዞ የሚመራው ልጅ ይፈልጋል። ልጁ እሱን ሲመራ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ የእኛ ችላ ማለት ያኔ ሁለት ሰው አጨለመ ማለት ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ዓይናችሁን ለሐኪም አሳዩ፣ ወረንጦዋን ለእሾህ መልሷት።