የ5 ቁጥሯ ጉብታ

እናቴ ዓይኗ ከደከመ በኋላም ስልክ የሚደውልላት ሰው አላስፈለጋትም። ባለቁልፉን ስልኳን ግራ እጇ ላይ ታስቀምጥና በቀኝ አውራ ጣቷ 5 ቁጥርን ትፈልጋለች። እዚያ ቁልፍ ላይ ከጤፍ ከፍ፣ ከምስር ዝቅ የምትል ጉብታ አለች። እሷን ካገኘች መንገዱ ቀና ነው፤ ከላይ 2፣ ከታች 8፣ በግራ 4፣ በቀኝ 6። አምና «ይሻልሻል» ብዬ ተች ስልክ ገዛሁላት። ለስላሳውን መስታወት ደጋግማ ዳበሰችና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጣት ማሳረፊያ የለውም» አለችኝ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የጠፋባትን መመለስ ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ መመለሻውም «ቫይብሬት» ብለን የምናልፈው ንዝረት ነው።

የድሮው ንዝረት ሸካራ ነበር። አንዲት ትንሽ ሞተር ወደ አንድ ወገን ያደላ ክብደት ታሽከረክራለች፤ ለመነሳትም ለመቆምም ጊዜ ስለሚወስድባት «ዝዝዝ» ከማለት አታልፍም። በበርካታ አዳዲስ ስልኮች ግን የማግኔት ኃይል በስፕሪንግ የተያዘ ክብደትን ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይቆማል፤ ስለዚህ አጭርና ረጅም፣ ለስላሳና ጠንካራ ምት ያወጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የወጣውን አይፎን 7 የያዘ ሰው፣ የታችኛዋን ክብ ቁልፍ ሲጫን ወደ ውስጥ የገባች ይመስለዋል። ቁልፏ ግን ንቅንቅ አትልም። ጣቱን ያሳመነው ንዝረቱ ብቻ ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ እንደ ድንጋይ ዝም ትላለች።

እኔም በአይፎኔ የእናቴን ጥሪ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ምት አድርጌዋለሁ። ስክሪኑን በጣቴ እየመታሁ ራሴ ነኝ የሠራሁት። ስብሰባ ላይ ሆኜ ከኪሴ ሳላወጣው እሷ መሆኗን አውቃለሁ። ለእሷ ግን ይህን ያህል እንኳ አልታሰበላትም። ስክሪኑን የሚያነብ ድምፅ አለ፣ ይጠቅማልም፤ ነገር ግን ታክሲ ውስጥ የገንዘቧን ጉዳይ ለተሳፋሪው ሁሉ ማሰማት አትፈልግም። መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ ድምፁ ከነጭራሹ ምንም አይፈይድም። ንዝረትን የሚያውቀው የያዘው እጅ ብቻ ነው።

መተግበሪያ የምትሠሩ ልጆች፣ በተለይ የገንዘብ መላኪያውን የምትሠሩ፣ አደራ። ጣት ቁጥሮቹ ላይ ሲያልፍ እያንዳንዱ ቀለል ያለ ምት ይስጥ፤ 5 ላይ ሲደርስ ጠንከር ይበል። ገንዘቡ ሲላክ አንድ፣ ሳይላክ ሲቀር ሦስት ጊዜ ይምታ። ሞተሩ እንደሆነ እዚያው ስልኩ ውስጥ አለ።

እናቴ ወደ አሮጌው ስልኳ ተመልሳለች። ቁልፎቹ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ተፍቀው አልቀዋል፤ የ5ቷ ጉብታ ግን አሁንም አለች።