ማይክሮፎኑን ለማን ተዉት?

በሜይ 2013 የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ፕሮቪንስ ምርጫ ስታካሂድ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሊበራል ፓርቲው ከቫንኩቨር በስተደቡብ ባለችው በሪችመንድ ከተማ ያቀረባቸው ዕጩ ለመራጩ እንግዳ አልነበሩም። ቴሬዛ ዋት ሆንግ ኮንግ ተወልደው በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ካናዳ የተሰደዱ ጋዜጠኛ ናቸው። ለቻይንኛ ተናጋሪዎች የሚያሰራጨውን ኤኤም 1320 የተባለ የቫንኩቨር ራዲዮ ጣቢያ በፕሬዚዳንትነት ይመሩ ነበር። የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች በሙሉ ፓርቲያቸው እንደሚሸነፍ ተንብየው ነበር፤ ፓርቲው ግን አሸነፈ። ዋትም ወንበራቸውን ባገኙ በወሩ፣ ጁን ላይ፣ የዓለም አቀፍ ንግድና የመድብለ ባህል ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ከራዲዮ ጣቢያ ወደ ካቢኔ የሚወስደው ይህ መንገድ በካናዳ ብዙ የተሄደበት ነው። እኔም ጋዜጠኛ ፖለቲካ ውስጥ አይግባ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የሚያሳስበኝ የሄደው ሰው ሳይሆን ባዶ የሚቀረው ወንበር ነው። አንድ ማኅበረሰብ በቋንቋው የሚጠይቅለትን ሰው ወደ ምክር ቤት ሲልክ ተወካይ ያገኛል፤ ተወካዩን የሚጠይቅለት ሰው ግን ሊያጣ ይችላል። ትንሽ ማኅበረሰብ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል።

ፓርቲዎች የስደተኛ ጣቢያ ጋዜጠኛን ለምን እንደሚፈልጉ ለመረዳት ጣቢያው ምን እንደሚሠራ ማየት ይበቃል። ለአዲስ ገቢው ቤተሰብ የቤት ኪራይ በሕግ ስንት ድረስ መጨመር እንደሚቻል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ፣ የጤና ካርድ እንዴት እንደሚወጣ በገዛ ቋንቋው የሚነግረው እሱ ነው። የካናዳ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ፣ ሲአርቲሲ፣ በ1999 ባወጣው ፖሊሲ መሠረት ለልዩ ልዩ ማኅበረሰቦች የተፈቀዱ ጣቢያዎች ከሥርጭታቸው ቢያንስ 60 በመቶውን ለእነዚሁ ማኅበረሰቦች ማዋል አለባቸው፤ ቢያንስ ግማሹ ደግሞ ከእንግሊዝኛ፣ ከፈረንሳይኛና ከነባር ሕዝቦች ልሳን ውጭ በሆነ ቋንቋ መቅረብ አለበት። እንግሊዝኛ የማይከብደው ሰው አንዱን ጣቢያ ባያምን ሌላ አሥር ይከፍታል። ያልደፈረው ግን ያለችውን አንዲት ድምፅ ያምናል፤ ዓመታት ሲያልፉም ያቺ ድምፅ እንደ ቤተሰብ ትሆንበታለች። ፓርቲው የሚፈልገው ይህን እምነት ነው። የእምነቱ ባለቤት የሆነው አድማጭ ግን ሲተላለፍ አልተጠየቀም።

ታዋቂነት ብቻውን ወንበር እንደማያስገኝ የቶሮንቶው ቤን ቺን ምስክር ናቸው። ኮሪያዊ ዝርያ ያላቸው ይህ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በከተማዋ በእንግሊዝኛ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ። በ2006 በቶሮንቶ–ዳንፎርዝ በተካሄደው የኦንታርዮ ማሟያ ምርጫ ለሊበራሎች ተወዳድረው በኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲው ፒተር ታበንዝ ተሸነፉ። ፊታቸውን ከተማው ሁሉ ያውቀው ነበር፤ የሚታወቁበት ሕዝብ ግን በአንድ የምርጫ ክልል የተሰበሰበ አልነበረም። በካናዳ እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘውን አንድ ሰው ብቻ ይልካል። ከሪችመንድ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቻይናዊ ዝርያ ያለው ነው። በአንድ ቋንቋ የተገነባ ዝና አንድ ቦታ ላይ ከተከማቸ መራጭ ጋር ሲገጥም የሚያመጣው ውጤት ሌላ ነው።

ጋዜጠኛው ለምን ወደ ፕሮቪንስ ምክር ቤት ያመራል? ቢባል፣ ቪዛውንና ዜግነቱን የምትሰጠው ኦታዋ ናት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ግን አብዛኛው በፕሮቪንሱ እጅ ነው። ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ዝቅተኛው ደመወዝ፣ የአከራይና የተከራይ ሕግ የፕሮቪንሱ ነው። አገሯ ላይ ነርስ የነበረች ሴት ካናዳ ገብታ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በረዳትነት ስትቀር ፈቃዷን የያዘባት የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን በፕሮቪንሱ ሕግ የተቋቋመው የሙያ ተቆጣጣሪ ነው። ይህን ሮሮ በስልክ መስመር ሲሰማ የኖረ ጋዜጠኛ አንድ ቀን «እስከ መቼ ማውራት ብቻ?» ብሎ ቢነሣ አይፈረድበትም።

ደግሞም በዋት የሥልጣን ዘመን ፍሬ ያለው ሥራ ተሠርቷል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1872 የቻይናውያንን የመምረጥ መብት የገፈፈች ፕሮቪንስ ናት። የካናዳ መንግሥት በ1885 በቻይናውያን ስደተኞች ላይ የጣለው የነፍስ ወከፍ ግብር በ50 ዶላር ጀምሮ በ1903 500 ዶላር ደረሰ፤ ከ1923 እስከ 1947 ደግሞ በሩ ከነአካቴው ተዘጋ። ቻይናዊ ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ ጄኒ ክዋንና አይዳ ቾንግ፣ የዚያን ፕሮቪንስ ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት በ1996 ነው። ዋት በሚኒስትርነታቸው በየከተማው የሕዝብ መድረክ እያዘጋጁ የቻይናውያን አረጋውያንንና የልጆቻቸውን ቃል ሰበሰቡ። ሜይ 15 ቀን 2014 ምክር ቤቱ በሁሉም ፓርቲዎች ስምምነት በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ሰው ፊት ተቀምጦ ማዳመጥ፣ የተበታተነ ምስክርነትን ወደ አንድ ሰነድ ማምጣት የጋዜጠኛ ሙያ ነው፤ በዚህ በኩል ሙያቸው ጠቅሟቸዋል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የዚያው ታሪክ ሌላ ገጽ አለ። ዋት ከመመረጣቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ በፌብሩዋሪ 2013 መጨረሻ፣ የስደተኛ ማኅበረሰቦችን ድምፅ ለመሳብ ከፕሮቪንሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከክሪስቲ ክላርክ ጽሕፈት ቤት የወጣ የውስጥ ዕቅድ ሾልኮ ወጥቶ ነበር። ለታሪክ በደሎች ይቅርታ መጠየቅ በዚያ ሰነድ ውስጥ የተቀመጠው በቶሎ ድምፅ ከሚያስገኙ ሥራዎች እንደ አንዱ ነው። ክላርክ ይቅርታ ጠየቁ፤ የመድብለ ባህል ሚኒስትሩ ጆን ያፕም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከምርጫው በኋላ ያንን ወንበር የተረከቡት ዋት ናቸው። እንግዲህ ይቅርታው ለፍትሕ ነው ወይስ ለድምፅ? ብሎ መጠየቅ የጋዜጠኛ ግዴታ ነበር። ጥያቄውን በአድማጩ ቋንቋ፣ አድማጩ በሚያምነው ድምፅ ለማቅረብ የተሻለ ቦታ የነበራቸው ሰው ግን አሁን የሚጠየቁት ሚኒስትር ሆነዋል።

ለቫንኩቨር ቻይናውያን ይህ ጉዳት ሊካስ የሚችል ነበር። ፌርቻይልድን የመሰለ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት፣ ሲንግ ታኦና ሚንግ ፓኦን የመሰሉ ዕለታዊ ጋዜጦች ነበሯቸው። አንድ ድምፅ ሲጎድል ሌላው ይሰማል። በአንድ የሳምንት ፕሮግራም ላይ ለሚተማመን ማኅበረሰብ ግን ማካካሻ የለም፤ አዘጋጁ በሄደ ዕለት ጠያቂውም አብሮ ሄደ።

ሕጉስ ምን ይላል? ካናዳ ውስጥ ሲአርቲሲ ጣቢያዎች ለተወዳዳሪዎች ፍትሐዊ ጊዜ እንዲሰጡ ያዛል፤ በአየር ላይ የሚሠራ ሰው ዕጩ ሲሆንም በዘመቻው ወቅት ከማይክሮፎኑ እንዲርቅ ይጠበቅበታል። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መደበኛ ዘመቻ አራት ሳምንት ነው። ትልቁ ነገር ግን የሚያልቀው ከዘመቻው በፊት ነው፤ ፓርቲው ሰው የሚያማክረው፣ ምሳ የሚጋብዘው፣ ወንበር የሚያሳየው ያኔ ነው። በዚያ ወቅት ጋዜጠኛው አሁንም ፕሮግራሙን ይመራል፣ እንግዳ ይመርጣል፣ ጥያቄ ያዘጋጃል። አድማጩ የሚሰማውን ሰው ልብ ማን እንደያዘው አያውቅም። ሁለት ወዶ አይሆንም የሚለው ብሂል በሥራ ላይ መዋል ያለበት በነዚህ ወራት ነው፤ ሕጉ ግን እዚያ አይደርስም።

በዚህ ረገድ እስራኤል ጠበቅ ትላለች፤ ምሳሌዎቹም የኛው ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያ ተወልደው የአገሪቱን የሬሼት አሌፍ ራዲዮ እስከ መምራት የደረሱት ፀጋ መላኩ በ2015 ምርጫ በሞሼ ካሕሎን ኩላኑ ፓርቲ ዝርዝር ላይ ገብተው ነበር። ከመንግሥት ጣቢያ ኃላፊነት ከወጡ በኋላ መቆየት የሚገባቸው ጊዜ አልሞላም ተብሎ ዕጩነታቸው ቀረ። በአንጻሩ በሕፃንነታቸው በ1984ቱ የሙሴ ዘመቻ የተጓዙት ፕኒና ታማኖ ሻታ በቻናል 1 ዘጋቢነት ሠርተው በ2013 የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ ገቡ፣ በ2020 ደግሞ ትውልደ ኢትዮጵያ የሆኑ የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆኑ። እርግጥ የእስራኤል ምርጫ ሙሉ በሙሉ በፓርቲ ዝርዝር የሚካሄድ ነው፤ ጋዜጠኛዋን የሚያስገባት በዝርዝሩ ላይ ያላት ተራ እንጂ የአንድ ሰፈር መራጭ አይደለም። የካናዳው ዕጩ ግን በየሰፈሩ በር እያንኳኳ የሚለምነው ትናንት ዜና ያነበበለትን አድማጭ ነው። ስለዚህ የመለያያ ጊዜው ይበልጥ የሚያስፈልገው ካናዳ ነበር።

የመመለሻው በርም አለ። በግሎባል ቴሌቪዥን የታወቁት ጃስ ጆሃል በ2017 ሪችመንድ–ክዊንስበሮን አሸንፈው ምክር ቤት ገቡ፤ በ2020 ተሸንፈው ወጡ፤ ከዚያ በቫንኩቨሩ ሲኬኤንደብልዩ ራዲዮ የራሳቸውን ፕሮግራም ይዘው ተመለሱ። ይህ ነውር የለበትም፤ የኋላ ታሪካቸውን አድማጩ ያውቀዋልና ሚዛኑን ይዞ ይሰማል። ወደ ፖለቲካ በሚገባው ላይ የሚጎድለውም ይኸው ግልጽነት ነው።

እምነት አንዴ ከተላለፈ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅም ይቸግራል። ሊበራል ፓርቲው በ2023 ስሙን ወደ ቢሲ ዩናይትድ ለወጠ፤ ዋት በ2024 ወደ ኮንሰርቫቲቮች ተሻገሩ፤ ሳምንታት ቆይቶ የቀድሞ ፓርቲያቸው ዘመቻውን አቋረጠ፤ እሳቸው ግን በሪችመንድ–ብሪጅፖርት እንደገና ተመረጡ። መራጩ የተከተለው ዋትን ነው ወይስ አዲሱን ፓርቲ? ኮንሰርቫቲቮች በዚያ ዓመት ከሪችመንድ አራት ወንበሮች ሦስቱን ስለወሰዱ ሁለቱን መለየት አይቻልም። በቋንቋው ደፍሮ የሚጠይቅ ራዲዮ ያለው መራጭ ግን ቢያንስ ለምን እንደተሻገሩ ከራሳቸው አንደበት ይሰማል።

አሁን ወደራሳችን እንምጣ። ቶሮንቶ፣ ካልጋሪና ኤድመንተን ያለው የአማርኛ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በተገዛ ሰዓት የሚተላለፍ ነው። አዘጋጁ ጋዜጠኛም፣ ማስታወቂያ ሰብሳቢም፣ የዕንቁጣጣሽ ዝግጅት መድረክ መሪም፣ ለታመመ ሰው ገንዘብ አሰባሳቢም ነው። ሬስቶራንቱ፣ የቤት ሽያጭ ደላላው፣ የጉዞ ወኪሉ፣ የሒሳብ ባለሙያው ያስተዋውቁበታል። ፖለቲከኛው በበዓሉ ዕለት ነጠላ ለብሶ ይመጣል፣ እንጀራ ይቀምሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አዘጋጁን በስም ይጠራል። እንዲህ ያለ አዘጋጅ አንድ ቀን ዕጩ ሆኖ ቢቀርብ «ወገናችን ገባልን» ብለን እንደምንሰለፍ አልጠራጠርም።

ሥጋቴም እዚህ ላይ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ የተረተ ሕዝብ የምክር ቤት ወንበርን እንደ ሹመት፣ ተሿሚውንም እንደ ዘመድ ማየት ይቀናዋል። ዘመድ ደግሞ በአደባባይ አይጠየቅም፤ ቢበዛ በቡና ላይ ይታማል። በሕዝብ ድምፅ የተቀጠረ ሰው ግን ስለ ነርሶቹ ፈቃድ ምን እንደተናገረ፣ በየትኛው ሕግ ላይ ከፓርቲው ጋር እንደወገነ፣ በየትኛው ዝም እንዳለ በየወሩ መልስ መስጠት አለበት። ይህን የማታገኝ ከተማ ተወካይ ያላት ይመስላታል እንጂ የላትም።

«ጠበቃውና የቤት ደላላው ፖለቲካ ሲገቡ ማንም ምንም አይል፤ ጋዜጠኛው ላይ ለምን ይከብዳል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጠበቃ ለደንበኛው፣ ደላላ ለሽያጩ እንደሚቆም የሚያናግረው ሰው ሁሉ ያውቃል። አድማጭ ግን ጋዜጠኛውን የሰማው ለማንም አይወግንም ብሎ ነው። ያንን ተቀማጭ አውጥቶ ለአንድ ፓርቲ የሚያውል ሰው ከሌላው የበለጠ ዕዳ አለበት።

ዕዳውን መክፈልም ከባድ አይደለም። ከፓርቲ ጋር ንግግር የጀመረ ጋዜጠኛ ዕጩነቱ እስኪታወጅ ሳይጠብቅ በዚያው ሳምንት ለአድማጩ ይንገር፣ ከፖለቲካ ዝግጅቱም ይውረድ። ፕሮግራሙን የሚረከበው የትዳር ጓደኛው፣ የዘመቻው አስተባባሪ ወይም የማስታወቂያ ደንበኛው መሆን የለበትም። ተመርጦ ሲገባ ደግሞ የመጀመሪያውን ረጅም ቃለ ምልልስ በዚያው ፕሮግራም ይስጥ፣ የስልክ መስመሩም ጠሪ ሳይመረጥ ክፍት ይሁን። ማኅበረሰቡም የራሱ ድርሻ አለው። በፖለቲከኛ መልካም ፈቃድ የማይኖር ፕሮግራም እንዲኖር ከፈለግን ከማስታወቂያ በላይ በአባልነት መዋጮ መደገፍ አለብን፤ በየዓመቱ ለአዳራሽ ኪራይና ለዘፋኝ ከምናወጣው ጥቂቱ ይበቃዋል።

እንግዲህ ከማይክሮፎን ተነሥቶ ድምፃችንን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመን ስለ ሆስፒታሉና ስለ ትምህርት ቤቱ የምንጠይቀው እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር እናስቀድም፦ ከነገ ጀምሮ እርስዎን በአማርኛ የሚጠይቅልን ማን ነው? ስም ጠርቶ፣ ሰውየውም ከእሱ ነፃ መሆኑን አሳይቶ ከመለሰልን ለመምረጥ አንድ ጥሩ ምክንያት ሰጥቶናል። መልስ ከሌለው ግን ድምፃችንን ለመስጠት አንቸኩል።