ቀዩ መልእክት ሲጠፋ ስሕተቱ አይጠፋም

የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ወይም የዳታ ባለሙያ ኮዱ አልሠራ ሲለው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቀይ መልእክት ፎቶ አንሥቶ በኢንተርኔት ለተሰባሰቡ ባለሙያዎች ይልክና «ይህ ኤረር ምንድን ነው? እባካችሁ አስቸኳይ ነው» ይላል። የማያውቀው በጎ ሰው ሁለት መስመር ኮድ ይጽፍለታል፤ እሱም ለጥፎ ያስነሣዋል፤ ሲሠራለት አመስግኖ ይሄዳል። ከዚህ ልማድ በስተ ጀርባ ያለው እምነት «ኮዱ ከሠራ ችግሩ ተፈቷል» የሚል ነው። በስታቲስቲክስ ሥራ ይህ እምነት ስሕተት ነው፤ ጉዳቱም ከባድ ነው። የረዳቶቹን በጎነት ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ስታታ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች እ.ኤ.አ. ከ1994፣ አር የተባለው ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ደግሞ ከ1997 ጀምሮ ያለ ክፍያ እርስ በርስ ሲረዳዱ ኖረዋል፤ መምህርም መጽሐፍም ያላገኙ ብዙዎች ከእነሱ ተምረዋል። ትችቴ በአጠያየቃችንና እርዳታውን በምንለካበት ሚዛን ላይ ነው።

የስታቲስቲክስ ኮድ ከሌላው ኮድ የሚለየው አደገኛው ስሕተቱ ድምፅ የሌለው በመሆኑ ነው። ድረ ገጽ ላይ ያለ ቁልፍ ካልሠራ ተጠቃሚው ወዲያው ያየዋል። የተሳሳተ አማካይ ግን በመልኩ ከትክክለኛው አይለይም፤ ሁለቱም ሠንጠረዥ ውስጥ እኩል አምረው ይቀመጣሉ። ያልተመዘገበ መረጃን እንመልከት። ስታታ እንዲህ ያለውን ባዶ ቦታ ከማንኛውም ቁጥር የሚበልጥ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ «ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑትን ለይ» ሲባል ዕድሜያቸው ያልተመዘገበውንም ከአረጋውያን ጋር ይቆጥራቸዋል። ሳስ የተባለው ሶፍትዌር በተቃራኒው ባዶውን ከማንኛውም ቁጥር ያነሰ ስለሚያደርገው «ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ለይ» ሲባል ዕድሜያቸው ያልታወቀውን ከሕፃናት ጋር ይደምራል። አር ደግሞ ያልታወቀ ነገር ሲወዳደር ውጤቱም ያልታወቀ ነው ብሎ ይመልሳል። ሐሳቡ አንድ፣ ትእዛዙ አንድ ሆኖ ሳለ ሦስቱ ሶፍትዌሮች ሦስት የተለያየ ነገር ያደርጋሉ። በስታታና በሳስ ላይ ደግሞ ቀይ መልእክት የሚባል ነገር አይወጣም። መልእክት ካልወጣ ጠያቂ የለም፤ ጠያቂ ከሌለም የሚረዳ የለም። እርዳታችን ሁሉ የተገነባው በመልእክቱ ዙሪያ ስለሆነ ዋነኞቹ ስሕተቶች ከእርዳታው ክልል ውጭ ቀርተዋል።

አገር ውስጥ በስፋት የሚሠራበትን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጥናት 15,683 ሴቶች ተጠይቀዋል። በዳታው ውስጥ የሰፈረው ቀን የእኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱ 2008፣ የመጀመሪያው ወርም መስከረም ነው። ዳታውን በፈረንጆች አቆጣጠር ከተመዘገበ የዝናብ ወይም የገበያ ዋጋ መረጃ ጋር ማጣመር የፈለገ ተማሪ ዓመታቱ አልገጥም ይሉታል። «ለምን አይጣመርም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የዳታውን አገር ያልተነገረው ረዳት «ዓመቱ ላይ 8 ደምር» ሊለው ይችላል። ያን ጊዜ ዳታው ይጣመራል፤ መልእክቱም ይጠፋል። ነገር ግን ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ፣ በጥር 2008 የተመዘነ ሕፃን በሜይ 2016 እንደተመዘነ ተቆጥሮ የአራት ወር ስሕተት ይገባል። የበጋው ልኬት ከበልጉ ዝናብ ጋር ይዛመዳል። ትክክለኛው መንገድ በወራት የተቆጠረው ቀን ላይ 92 ወር መደመር ነው፤ 7 ዓመት ከ8 ወር ማለት ነው። ረዳቱ ይህን ባለማወቁ ጥፋተኛ አይደለም፤ የታየው መልእክቱ ብቻ ነበርና።

የናሙና ክብደትም እንዲሁ ነው። እንደ ሐረሪና ጋምቤላ ያሉ አነስተኛ ሕዝብ ያላቸው ክልሎች ለየራሳቸው አስተማማኝ ቁጥር እንዲገኝላቸው ከሕዝባቸው ድርሻ በላይ ሰው ተመርጦባቸዋል። ይህን የሚያስተካክለውን ክብደት ያልተጠቀመ ስሌት ኦሮሚያንና አማራን አሳንሶ፣ ትንንሾቹን አግንኖ አገራዊ ቁጥር ያወጣል። ይህም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይከናወናል። ክብደት የሌለው ኮድ እንዲያውም አጭርና ቀላል ስለሆነ ከችግር ነጻ ይመስላል።

አሁን ወደ መልስ ሰጪዎቹ ልመለስ። አር ውስጥ አማካይ ሲሰላ ባዶ ቦታ ካለ ውጤቱ ራሱ ባዶ ይሆናል፤ ሶፍትዌሩ እያስጠነቀቀ ነው። የተለመደው መልስ ግን «ባዶዎቹን ጥለህ አስላ» የሚል ነው፤ በደቂቃ ይደርሳል፤ ምስጋናም ያገኛል። ባዶዎቹ ለምን ባዶ ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሕፃናት ቁመት ሲለካ ያልተለኩት በዕለቱ ታመው የነበሩት ከሆኑ፣ እነሱን ጥሎ የሚሰላው አማካይ ጤነኞቹን ብቻ የሚገልጽ ይሆናል። ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት እሳቱን ሳያጠፉ የጭስ ደወሉን እንደመንቀል ነው። እንደ መፍትሔ የሚቆጠረው ፈጣን መልስ ከሆነ ደግሞ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ረዳት ሁልጊዜ ይቀደማል።

ይህ የጀማሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሃርቫርድ ኢኮኖሚስቶች ካርመን ራይንሃርትና ኬነት ሮጎፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ዕዳቸው ከአገራዊ ምርታቸው 90 በመቶ በላይ የደረሰ ያደጉ አገሮች ኢኮኖሚ በአማካይ 0.1 በመቶ ይቀንሳል ብለው ነበር። በ2013 ቶማስ ኸርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኤክሴል ፋይላቸውን ጠይቆ ሲመረምር 5 አገሮች ከቀመሩ ውጭ መቅረታቸውን አገኘ። ከመምህራኑ ጋር የቀመሩን ግድፈትና ሌሎች የመረጃ ምርጫና የሚዛን ችግሮችን አርሞ ሲያሰላም አማካዩ 2.2 በመቶ ዕድገት ሆነ። ኤክሴል በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያለ እንከን ይሠራ ነበር። ስሕተቱን ያወጣው ሙሉውን ሥራ ከጥያቄው ጋር አገናኝቶ የተመለከተ ሰው ነው።

«በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የምርምር አማካሪ እንዲሆኑ መጠበቅ አይገባም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው። የምጠይቀው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ማወቅ የፈለግኸው ምንድን ነው?» የሚል። ጠያቂው ይህን አስቀድሞ ከጻፈ እንዲያውም የረዳቱ ጊዜ ይቆጠባል። «ጀማሪ ስታቲስቲክሱን ሳያውቅ እንዴት በደንብ ይጠይቅ?» ለሚሉም፣ ጀማሪ ቢሆንም ሦስት ነገሮችን ያውቃል፤ ምን ለማወቅ እንደፈለገ፣ ዳታው ከየትና እንዴት እንደተሰበሰበ፣ ምን ዓይነት ውጤት እንደጠበቀ። እነዚህን ለመጻፍ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። «ዳታውን ከጥያቄው ጋር ላሳይ ብል የሕሙማን ምስጢር አለበት» የሚለው ስጋት ደግሞ ተገቢ ነው፤ ማንም እውነተኛ የሕሙማን መረጃ አደባባይ ማውጣት የለበትም። ነገር ግን ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው አሥር የፈጠራ ረድፎች ችግሩን ለማሳየት ይበቃሉ። ብዙ ጊዜም ጠያቂው እነሱን ሲያዘጋጅ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

«አሁንማ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ» የሚለው መከራከሪያ ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም። የኮድ ጥያቄና መልስ ድረ ገጹ ስታክ ኦቨርፍሎው በዲሴምበር 2022 በቻትጂፒቲ የተዘጋጁ መልሶችን ያገደው ትክክል የሚመስሉ፣ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳቱ በመሆናቸው ነበር። ማሽኖቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ነገር ግን ዳታው በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን ያልተነገረው ማሽን እንደ ሰዉ ረዳት ሁሉ የታየውን መልእክት ያጠፋል፤ ልዩነቱ በሰከንድ ውስጥ ማጥፋቱ ነው። ጥያቄው ጎዶሎ ከሆነ የመልሱ ፍጥነት የሚያመጣልን ነገር ቢኖር በቶሎ መሳሳት ነው።

ስለዚህ መለወጥ ያለበት ሚዛኑ ነው። ኮዱ መሥራቱ የፍተሻው መጀመሪያ ይሁን። መልስ የተሰጠው ሰው ከማመስገኑ በፊት ከኮዱ በፊትና በኋላ በዳታው ውስጥ ስንት ሰዎች እንዳሉ ይቁጠር፤ ውጤቱንም ከታተመው ይፋዊ ሪፖርት ጋር ያስተያይ። መልስ ሰጪዎች ኮዱን ብቻ ሳይሆን ኮዱ የሚያደርገውንም በአንድ መስመር ይጻፉ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክሩና የሚፈትኑ መምህራንም ከሠንጠረዡ ጋር ኮዱን ይጠይቁ፤ ተማሪው እያንዳንዱን መስመር ማስረዳት ካልቻለ ሥራው አላለቀም ይበሉት። ከእነዚህ ሠንጠረዦች የሚወጡት ቁጥሮች ስንት ሕፃን እንደቀነጨረና የትኛው ክልል ምን እንደሚያስፈልገው ለመወሰን ይውላሉ። በእነሱ የሚወሰንበት ሕዝብ ኮዱን የማየት ዕድል የለውም፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለብን እኛ ኮዱን የምንጽፈው ነን።